ከድንኳኑ በፊት መዝገቡ

«ስሙ ማን ይባላል?» አለችን የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ።

ከሌሊቱ አምስት ሰዓት አልፏል። ሕመምተኛውን ደግፈን የገባነው አራት ሰዎች እርስ በርስ ተያየን። ከሰውየው ጋር ሁለት ዓመት ሙሉ በየዕለቱ በስልክ ስንጻጻፍ ኖረናል። ስለ ወፎች ያለውን ዕውቀት እናደንቃለን፣ በቀልዱ እንስቃለን፣ ሲጠፋ «ምነው ጠፋህ?» እንለዋለን። ስሙን ግን አናውቅም። ከመካከላችን አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጭልፊት ነው የምንለው» አለ። ሠራተኛዋ ብዕሯን አስቀምጣ ቀና ብላ አየችን።

«ታዲያ ጭልፊት ብዬ ልጻፈው?»

ውድ አንባቢያን፣ ይህ የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት በኅዳር ወር፣ በላንጋኖ ሐይቅ ዳር ድንኳን ተክለን በሰነበትንበት ጊዜ ነው። ሰውየው ዛሬ ደህና ነው። ይህን ጽሑፍም አስቀድሜ አሳይቼው «ጋሼ፣ ይጻፉት፤ ሌላው ይማርበት» ብሎኛል። ጉዳዩን ወደ አደባባይ ያወጣሁት የራሳችንን ገመና ለማውራት አይደለም። በቴሌግራምና በፌስቡክ የተዋወቁ ሰዎች ተሰባስበው ከከተማ ወጥተው ማደር እየተለመደ መጥቷል። ተራራ የሚወጡ፣ ፎቶግራፍ የሚያነሱ፣ መጽሐፍ የሚያነቡ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ያለፉ ሰዎች እንዲህ ያደርጋሉ። መልካም ነው፤ ከቢሮና ከመኪና ጭስ ወጥቶ ሰውን በዓይነ ሥጋ ማየት የሚነቀፍ አይደለም። ይሁንና በስልክ መግባባት አንድ ነገር ነው፣ በአንድ እሳት ዙሪያ ማደር ደግሞ ሌላ።

ያ ምሽት እንዴት መጣ?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከሥሩ ልጀምር። የእኛ ስብስብ የወፍ ወዳጆች ስብስብ ነው። ላንጋኖን የመረጥነው ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚርቅና በወፎቹ የታወቀው የአብያታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ አጠገቡ ስላለ ነው። ሃያ ሦስት ሰዎች ተመዘገብን። ተመዘገብን ስል፣ እያንዳንዳችን «እኔም አለሁ» ብለን ጻፍን ማለቴ ነው። ገንዘቡ በአንዲት አባላችን ሒሳብ ገባ። ድንኳን ተከራየን፣ ሚኒባስ ተኮናተርን፣ በግ ገዛን። ሁሉ የተሟላ መሰለን።

በመጀመሪያው ምሽት በጉ ሊታረድ ሲል «ማን ነው የሚያርደው?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። ከመካከላችን ክርስቲያንም ሙስሊምም አለ። በሁለት ዓመት ጨዋታችን ይህን ማንም አንሥቶት አያውቅም። ጠብ አልነበረም፤ እንዲያውም ሁሉም ሌላውን ላለማስቀየም «ለእኔ አትጨነቁ፣ ዳቦ ይበቃኛል» ይል ጀመር። መግደርደሩ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ራት ለምሽቱ አንድ ሰዓት ታስቦ፣ ሦስት ሰዓት ሲሆን ሥጋው ገና እሳት አልነካም ነበር።

በዚህ መካከል «ጭልፊት»ን ላብ አጠመቀው። እጁ ይንቀጠቀጥ፣ ንግግሩም ይኮላተፍ ጀመር። አንዱ «ጠጥቶ ነው» አለ። ሌላው «ፀሐይ መትቶት ነው፣ ይተኛበት» አለ። ቢተኛ ኖሮ ምናልባት ሳይነሣ ይቀር ነበር። ዕድሜ ለአንዲት ነርስ አባላችን፣ «ስኳር አለበት እንዴ?» ብላ ቦርሳውን ስትፈትሽ ኢንሱሊን አገኘች። ሰውየው ራት በተባለበት ሰዓት መድኃኒቱን ወስዷል፤ ራቱ ግን አልመጣም። ገና መዋጥ ይችል ስለነበር ስኳር በውሃ በጥብጣ አጠጣችው። ወደ ሐኪም ቤት እንውሰደው ስንል ደግሞ ሹፌሩ የለም። ሌሊት አንፈልገውም ብሎ ሚኒባሱን ይዞ ከተማ ገብቶ ተኝቷል። በመከራ በአንድ የአካባቢው ሰው መኪና ደረስን።

ልብ በሉ፣ በዚያ ምሽት ክፉ ሰው አልነበረም። ሰነፍም አልነበረም። የጎደለው አሠራር ነው። ዕድር ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። ዕቁብ ዳኛ አለው። ወላጆቻችን ማንበብና መጻፍ ሳይችሉ እንኳ አባላቱን በስም ከነቤተሰባቸው የሚያውቅ ማኅበር አቁመው ኖረዋል። እኛ የተማርነው ግን ሃያ ሦስት ሰው ይዘን ስንወጣ መዝገብ አልያዝንም። ከዚያ ወዲህ የደረስኩበት መደምደሚያ አጭር ነው፤ የድንኳን ጉዞ የሦስት ቀን ዕድር ነው፣ እንደ ዕድርም መደራጀት አለበት። እንዴት? በተራ ላስረዳ።

አንደኛ፣ ሰውን በስሙ

ሰዎች በቅጽል ስም የሚጻጻፉት በምክንያት ነው፤ ሕመማቸውን ለሃያ ሰው መንገር የማይፈልጉትም በምክንያት ነው። ይህን ማክበር ይገባል። እኛ ያገኘነው መላ ፖስታ ነው። እያንዳንዱ ተጓዥ በአንድ ወረቀት ላይ ሙሉ ስሙን፣ ችግር ቢመጣ የሚጠራለትን ሰው ስልክ፣ ያለበትን ሕመም፣ የሚወስደውን መድኃኒት፣ የማይስማማውን ምግብ ይጽፋል። ወረቀቱን በፖስታ አሽጎ በላዩ ላይ የሚታወቅበትን ቅጽል ስም ብቻ ጽፎ ለጸሐፊው ይሰጣል። ፖስታው የሚከፈተው ባለቤቱ መናገር ሲያቅተው ብቻ ነው። ጉዞው ሲያበቃ ለባለቤቱ ይመለሳል። መታወቂያ መያዝም ግዴታ ይሁን፤ በየኬላው ይጠየቃል።

ሁለተኛ፣ ገንዘቡ

ገንዘብ የሚሰበስበው ሰው በጎ ፈቃደኛ ብቻ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2199 ውክልና ምን እንደሆነ ይተረጉማል። በስማችን መኪና የሚኮናተር፣ ድንኳን የሚከራይ ሰው ወኪላችን ነው። ወኪል ደግሞ በአንቀጽ 2208 መሠረት ለወካዩ ፍጹም ቅን መሆን አለበት፤ ስለ ሥራውም ሒሳብ ያቀርባል። ይህ ሰብሳቢውን ለማስፈራራት የተጻፈ አይደለም፤ ለእርሱም መከላከያ ነው። የገቢው ዝርዝር ለሁሉም ይታይ። ለእያንዳንዱ ወጪ ደረሰኝ ይኑር። ከገንዘብ ያዡ ሌላ አንድ ሒሳብ ተመልካች ይሰየም። የቀረ ሰው ገንዘቡ ይመለስለታል ወይስ አይመለስለትም፣ እስከ መቼስ ከተናገረ ነው የሚመለስለት የሚለው ገንዘቡ ከመሰብሰቡ በፊት ይወሰን። ከበጀቱ አንድ አሥረኛው ለድንገተኛ ወጪ ሳይነካ ይቀመጥ። በእኛ ምሽት ለዚያ መኪና ባለቤት የከፈልነው በየኪሳችን የተገኘውን አዋጥተን ነበር።

ሦስተኛ፣ ቦታው፣ ጊዜውና መኪናው

ቦታ ሲመረጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው ውበቱ አይደለም። ሌሊት ሰው ቢታመም በስንት ሰዓት ሐኪም ቤት ይደረሳል? ስልክ ይሠራል? መሬቱ የማን ነው? ፈቃዱን የሚሰጠው ማን ነው? ከሁሉ በፊት ሰላም ነው ወይ? ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እንደ ሳንቃበር፣ ግጭና ጨነቅ ያሉ የታወቁ የድንኳን ሠፈሮች አሉት። ነገር ግን በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. ከተቀሰቀሰው ግጭት ወዲህ እኔ ሃያ ሰው አስከትዬ ወደዚያ ለመሄድ አልደፍርም። የትም ይሁን የት፣ አንድ ሰው አስቀድሞ ሄዶ ቦታውን ይይ፤ የአካባቢውን አስተዳደርና ፖሊስም ያነጋግር። ከአካባቢው ነዋሪ ጥበቃ መቅጠር ለንብረቱም ለጉርብትናውም ይበጃል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደረቅ ወቅት ይመረጣል፤ የሌሊቱ ብርድ ግን አይናቅም። በአገራችን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ብዙም ሳትርቅ ትጠልቃለች። ስለዚህ ከአሥር ሰዓት በፊት ደርሶ በብርሃን ድንኳን መትከል ያስፈልጋል። ላንጋኖን የመሰሉ ከ2,000 ሜትር ከፍታ በታች ያሉ ቦታዎች ወባማ ናቸውና አጎበር ይያዝ።

መኪናው ሰው ለማመላለስ ፈቃድ ያለው ይሁን። በሕግ የተደነገገው የሦስተኛ ወገን መድን መኖሩን ማየት ተገቢ ነው። የተሳፋሪውን ጉዳይ ግን በዚያ ብቻ ተማምኖ መተው አይገባም፤ ለተሳፋሪ ምን ዋስትና እንዳለ ባለ መኪናውን በግልጽ ጠይቁ። ከሁሉ በላይ በውሉ ላይ «መኪናውና ሹፌሩ ሌሊቱንም ከቡድኑ ጋር ያድራሉ» የምትል አንዲት መስመር ትግባ። ለሹፌሩም ድንኳን፣ ብርድ ልብስና ራት ይታሰብለት። ለእኛ ሹፌር ማንም አላሰበለትም ነበር፤ ሄዶ ቢተኛ አልፈርድበትም።

አራተኛ፣ ማዕድ፣ ውሃና እሳት

የማዕዱ ነገር በይሉኝታ የሚታለፍ አይደለም። ማን ይጾማል? ማን የማንን ሥጋ አይበላም? ይህ በምዝገባው ቀን ይጠየቅ። በጉ ሁለት ይሁን፣ አራጁም ሁለት፣ ብረት ድስቱም ሁለት። ካልሆነ ሽሮና ምስር ሁሉንም ያስታርቃል። ራት በተባለበት ሰዓት ይቅረብ፤ የሰዓቱን ዋጋ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም።

ለመጠጥና ለማብሰያ ለአንድ ሰው በቀን አምስት ሊትር ውሃ ያዙ። ሃያ ሰው ለሦስት ቀን 300 ሊትር፣ ማለትም ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን አሥራ አምስት ይፈልጋል። የመጸዳጃው ጉድጓድ ከሐይቁም ከማብሰያውም ቢያንስ 60 ሜትር ይራቅ፤ ሲለቀቅም በአፈር ይደፈን።

የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ነው። አንድ ክንድ ዝቅ ያለ ሰው አይታይም። እንዲህ ባለ ውሃ ማንም ብቻውን አይግባ፣ ጠጥቶ አይግባ፣ ከመሸ በኋላ ጭራሽ አይግባ። ዋና የሚችልና የማይችል በምዝገባው ይለይ።

እሳቱ ከድንኳን ይራቅ፣ ከመተኛት በፊትም በውሃ ይጥፋ። ከሰል በምንም ምክንያት ድንኳን ውስጥ አይግባ። ብርድ የመታው ሰው «ፍሙ ብቻ ነው፣ ጭስ የለውም» ብሎ ማንደጃ ያስገባል። ከሚግል ከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛን ሰው እንደተኛ ያስቀረዋል። በዝግ ቤት ውስጥ ስንቱን ቤተሰብ እንደፈጀ ሁላችንም ሰምተናል። የታሸገ ድንኳን ከዝግ ቤት አይሻልም።

ሕጉ ከምን ላይ ይቆማል?

«እኛ ጓደኛሞች ነን፣ ማን ማንን ይከሳል?» የሚሉኝ አሉ። ሕግ ጓደኝነትን አይጠይቅም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው እንዲክስ ያዛል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል። የዚሁ ሕግ አንቀጽ 575 ደግሞ በራሱ ላይ አደጋ ሳይደርስ ሊረዳ ሲችል፣ ሕይወቱ አስጊ አደጋ ላይ ያለን ሰው ሳይረዳ የተወን ሰው ይመለከታል። አንዳንድ አዘጋጆች ተጓዡን «ኃላፊነቱ የራሴ ነው» የሚል ወረቀት ያስፈርማሉ። እንዲህ ያለው ወረቀት ሹፌር አይቀሰቅስም፣ ሐኪም ቤትም አያደርስም። የሚያደርሰው አስቀድሞ ማን ምን እንደሚሠራ መወሰን ነው። አንድ ሰብሳቢ፣ አንድ ጸሐፊ፣ አንድ ገንዘብ ያዥ፣ አንድ የመጀመሪያ ዕርዳታ ኃላፊ፣ ሌሊቱን በየሁለት ሰዓቱ የሚፈራረቅ ተረኛም ይኑር። የቀይ መስቀልን የአምቡላንስ ቁጥር 907ን ሁሉም ይያዝ። ከከተማ ርቆ ግን እርሱን ብቻ መጠበቅ አይቻልም፤ የቅርቡን ጤና ጣቢያ ስልክና መንገዱን ቀድሞ ማወቅ ያሻል።

በዚያ ሌሊት የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ በመጨረሻ «ስሙ ያልታወቀ» ብላ ጻፈች። ከሩብ ሰዓት በኋላ ግሉኮሱ ሲገባለት ዓይኑን ገልጦ ስሙን ከነአባቱ የነገረን ራሱ ነው። ሁለት ዓመት የምናውቀውን ሰው ያን ጊዜ ተዋወቅነው።

ባለፈው ጥር ዳግመኛ ወጣን። በዚህ ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ነበርን። ጸሐፊው እኔ ስሆን፣ አሥራ ዘጠኝ ፖስታ በቦርሳዬ ይዤ ሦስት ቀን ሰነበትኩ። አንዱንም መክፈት አላስፈለገም፤ ለየባለቤቱ መለስኩ። የ«ጭልፊት» ፖስታ ግን መጀመሪያውንም አልታሸገም ነበር። በላዩም ቅጽል ስሙን ሳይሆን ሙሉ ስሙን በትልልቅ ፊደል ጽፎበታል።

ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል እንዲህ ነው። ቸር እንሰንብት።