ጭልፊትና ግሪሳ፦ ከጽጽቃ ማሳ እስከ ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ

ዘመነ ክረምት አልፎ ዘመነ መፀው ሲተካ፣ በዋግ ኽምራ ደጋ ገብሱ ሲያሸት፣ በተከዜ ተፋሰስ ቆላ ደግሞ የማሽላው ራስ ወተት መቋጠር ሲጀምር፣ በዝቋላ ወረዳ በጽጽቃ ዙሪያ፣ በአበርገሌና በሰሐላ ያለው ገበሬ ከዝናብ መቅረትና ከአንበጣ ቀጥሎ የሚፈራው አንድ ጠላት አለው፤ እርሱም ግሪሳ ወፍ ነው። ይህ ወፍ ክብደቱ 20 ግራም እንኳ በወጉ የማይሞላ፣ ምንቃሩ የቀላ፣ ለብቻው ሲያዩት የሚያሳዝን ትንሽ ፍጥረት ሲሆን፣ በመንጋ ሲመጣ ግን ከዱር አዕዋፍ ሁሉ በቁጥር የሚተካከለው የለም፤ የአዕዋፍን ጠባይ የመረመሩ ሊቃውንት በአፍሪካ ምድር ለመራባት የደረሰው ብቻ 1.5 ቢሊዮን ያህል እንደሚሆን ይገምታሉ። አንዱ ወፍ በቀን 10 ግራም ያህል እህል ይበላል ቢባል፣ 1 ሚሊዮን ወፍ ያለበት መንጋ በአንድ ቀን 100 ኩንታል ይወስዳል ማለት ነው፤ መንጋው ሁለትና ሦስት ሚሊዮን የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ የአንድ ቀበሌ ሕዝብ ዓመቱን ሙሉ የደከመበት ሲሳይ በጥቂት ቀን ውስጥ ጠፍቶ አገዳው ብቻ ይቀራል።

አባቶቻችን ይህን ጠላት የመከቱት በማማ፣ በወንጭፍ፣ በጅራፍና በጩኸት ነው። በማሳው መካከል እንጨት ተተክሎ ማማ ይሠራል፤ ጎህ ሳይቀድ አንድ ልጅ ይወጣበታል፤ ወፉ ከሁሉ ይልቅ የሚበረታው በማለዳና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ስለ ሆነ፣ ልጁ ወፉ ወደ ማደሪያው እስኪሄድ ድረስ አይወርድም። ይህ ሥራ ከልጅ ጉልበት በቀር ገንዘብ ስለማይጠይቅ ርካሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ወፍ የሚጠበቅባቸው ሳምንታት ትምህርት ቤት ተከፍቶ ፊደል የሚቆጠርባቸው ሳምንታት ናቸው፤ ስለዚህ የማሽላው ዋጋ የሚከፈለው ከልጁ የትምህርት ዘመን ተቀንሶ ነው። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት ያወጣውን ዐዋጅ በዚህ አገር ስም «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎ ሲሰይመው፣ የዋግ ሕፃን ረኀብ የአገር ሁሉ ጉዳይ መሆኑን መስክሯል፤ እንግዲያስ ያው ሕፃን ከፍ ሲል እህሉን ለማዳን ሲል ከትምህርቱ የሚቀር ከሆነ ጉዳዩ ገና አላለቀም ማለት ነው።

ሁለተኛው መንገድ መርዝ ነው። በ1962 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ በተፈረመ ስምምነት የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት፣ ከአንበጣው ጋር ግሪሳንም የመከላከል ግብር ስላለው፣ የወረዳው ባለሙያ ወፉ የሚያድርበትን ስፍራ አግኝቶ ሲያስታውቅ አውሮፕላን ይላካል፤ መንጋው ለማደር በሚሰበሰብበት በምሽት ሰዓትም ፌንቲዮን የሚባለው መድኃኒት ይረጫል። ማደሪያው በትክክል ከተለየና አውሮፕላኑ በጊዜው ከደረሰ ብዙ ሺህ ወፍ በአንድ ሌሊት ይሞታል፤ ስለዚህ ሰብሉ ሊወድም የተቃረበበት ገበሬ አውሮፕላኑን በደስታ ቢቀበል የሚነቅፈው አይኖርም። ይሁን እንጂ መርዙ ግሪሳን ከጉጉት፣ ከንስርና ከጭልፊት አይለይም፤ የተመረዘውን ወፍ የበላው አሞራም ይሞታል፤ ለምግብ ብለው የወደቀውን ወፍ የሚለቅሙ ሰዎችም ለአደጋ ይጋለጣሉ። ፌንቲዮን በሮተርዳም ስምምነት ጉባኤዎች ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር የኖረውም በዚሁ ምክንያት ነው። በተከዜ ሸለቆ ገደላ ገደል ላይ፣ በየኮረብታው ጥግ ለተበታተነ ትንሽ ማሳ አውሮፕላን መጠበቅ ምን ያህል ተስፋ እንደሚሰጥ ደግሞ የአገሩ ሰው ያውቀዋል።

ከማማውና ከመርዙ ሌላ ሦስተኛ መንገድ አለ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ በውጭ አገር የሚሠራበት የሠለጠነ ጭልፊት ይጠቀሳል። ይህ ጥበብ እጅግ ጥንታዊ ነው፤ በፋርስና በዐረብ ነገሥታት አደባባይ ሲከበር ኖሮ፣ በ13ኛው መቶ ዓመት የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ፍሬዴሪክ ስለ እርሱ ሰፊ መጽሐፍ ጽፎለታል፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዩኔስኮ ከማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች ጋር መዝግቦታል። አሠልጣኙ ወፉን በቆዳ ጓንት ላይ ያስቀምጠዋል፤ ዓይኑን በቆዳ ቆብ ይሸፍነዋል፤ ክብደቱን በየቀኑ ይመዝናል፤ የጠገበ ጭልፊት ወደ ጌታው ለመመለስ ምክንያት የለውምና ጥቂት ርቦት ሳለ ብቻ ይለቀዋል፤ በገመድ ጫፍ በታሰረ ላባና ሥጋ እየጠራም ይመልሰዋል። ጥበቡ ለጥበቃ ሲውል ዓላማው መግደል ሳይሆን ማስፈራት ነው። ለጥፋት የሚመጡ አዕዋፍ የማስፈራሪያ ምስልንና የተኩስ ድምፅን በጥቂት ቀን ይለምዱታል፤ ሊነጥቃቸው ከሰማይ የሚወረወረውን ጭልፊት ግን በተፈጥሯቸው ስለሚፈሩት አይለምዱትም።

ጥበቡ በእውነት የሚጠቅመው የት እንደ ሆነ ለመረዳት ከክልላችን ሳንወጣ የባሕር ዳርን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 604፣ ቦይንግ 737 አውሮፕላን፣ 104 ሰዎች ይዞ ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ ለመሄድ ሲነሣ ከዱር እርግቦች መንጋ ጋር ተጋጨ፤ እርግቦቹም በሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገቡ። አብራሪዎቹ ወደ ማረፊያው ለመመለስ ሲዞሩ ሞተሮቹ ኃይላቸውን አጡ፤ አውሮፕላኑ እግሩን ሳይዘረጋ መሬት ላይ ወርዶ ተቃጠለ፤ 35 መንገደኞች ሞቱ፤ የቀሩት 69 ሰዎች ዳኑ። ያን ያህል ሕይወት ያጠፋው በገደልና በየአብያተ ክርስቲያናቱ ጣሪያ ሥር ጎጆውን ሲሠራ በየቀኑ የምናየው የዱር እርግብ ነው። በዓለም ላይ ታላላቅ አውሮፕላን ማረፊያዎች ጭልፊት የሚያስጠብቁት እንዲህ ያለውን አደጋ ለማስቀረት ነው፤ የኒውዮርኩ ጆን ኤፍ ኬኔዲ ማረፊያ በ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮታል፤ የቶሮንቶውም ይጠቀምበታል። ማረፊያው አጥር ያለው፣ ወሰኑ የታወቀ፣ ደመወዝ ከፋይ ያለውና የአንድ ሰዓት ጸጥታ እንኳ ብዙ ነፍስ የሚያድንበት ስፍራ ነው፤ አንድ አሠልጣኝ ከጥቂት ወፎች ጋር ሆኖ እንዲህ ያለውን ስፍራ ሊጠብቅ ይችላል።

የጽጽቃ ማሳ ግን እንዲህ አይደለም። አንድ ጭልፊት በቀን የሚበላው ሥጋ ከ100 እስከ 150 ግራም ቢሆን፣ በግሪሳ ሲቈጠር ቢበዛ ስምንት ወፍ ያህል ነው፤ ከሚሊዮን ላይ ስምንት ሲቀነስ ለውጡ አይታይም። በማስፈራቱ እንኳ ቢሆን፣ መንጋው ጭልፊት ሲያይ እርስ በርሱ ተጠጋግቶ እንደ ደመና ስለሚዞር፣ ጭልፊቱ አንዱን ለይቶ መያዝ ያዳግተዋል፤ ከዚህ ማሳ የተባረረውም የጎረቤት ማሳ ላይ ይሰፍራል። ጭልፊቱም በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ይበርራል፤ በዝናብና በብርቱ ነፋስ አይለቀቅም። አሠልጣኝ ለማፍራት ዓመታት ያስፈልጋሉ፤ ለወፉ ቀለብ፣ ቤትና ሐኪም ያስፈልገዋል፤ ሰፊና ተያያዥ የወይን እርሻ ያለው ሀብታም ባለንብረት ይህን ወጪ ቢችለው፣ በሩብ ሄክታር ማሽላ የሚኖር ቤተሰብ ግን አይችለውም። ስለዚህ ጭልፊትን ከውጭ አምጥተን የዋግን ገበሬ እንታደገዋለን የሚል ቢኖር፣ በጎ አሳቡን እያከበርሁ፣ ምክሩ ያልታሰበበት ነው እላለሁ።

ከዚህ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው የኒውዚላንድ ሥራ ነው። በዚያች አገር፣ ማርልቦሮ በሚባለው የወይን አውራጃ፣ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአገሩ ጭልፊት ከኮረብታ ወደ ወይን እርሻ እንዲዛወርና በዚያው እንዲኖር ተደረገ፤ በሰው እጅ ሠልጥኖ የሚበርር ሳይሆን፣ ጎጆ ተሰጥቶት በራሱ ፈቃድ የሚያድን ወፍ ነው። በኋላም ሊቃውንት መርምረው ባወጡት ጽሑፍ ጭልፊት በሚኖርበት እርሻ በወፍ የሚወሰደው ወይን ጭልፊት ከሌለበት ሲነጻጸር በ95 በመቶ እንዳነሰ ገልጠዋል። የእነርሱ ጠላት በሚሊዮን የሚመጣ ግሪሳ አልነበረምና ቁጥሩን እንዳለ ወደ ተከዜ ማምጣት አይገባም፤ ቢሆንም ነጣቂው ወፍ በማሳው አጠገብ መኖሩ ብቻ ዋጋ እንዳለው ያስረዳል።

እኛ ግን ይህን ዋጋ ሳንከፍል የምናገኝ ሕዝብ ነን። መጽሐፈ ኢዮብ የጭልፊትን በረራ ከፈጣሪ ጥበብ ምስክሮች አንዱ አድርጎ ያነሣዋል፤ በየዓመቱ በመስከረምና በጥቅምት ከእስያና ከአውሮፓ የሚነሡ ንስሮችና ጭልፊቶች ቀይ ባሕርን ተሻግረው በአገራችን ሰማይ ላይ በብዙ ሺህ ያልፋሉ፤ ብዙዎቹም በዚሁ ይከርማሉ። ይህ ወራት ማሽላው የሚያሸትበት ወራት ነው፤ ግሪሳ በጎጆ በተሰበሰበበት ስፍራ ንስሩም ጆፌውም ከጫጩቶቹ ድርሻውን ይወስዳል። ግሪሳን ፈጽመው አያጠፉትም፤ ቢሆንም የእነርሱ አገልግሎት ያለ ደመወዝ የሚሰጥ ነው፤ የምንረጨው መርዝ ደግሞ መጀመሪያ የሚጨርሰው ቁጥራቸው ጥቂት የሆነውን እነርሱን ነው፤ ግሪሳው ቶሎ ይራባል፤ ንስር ግን በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጫጩት ብቻ ያሳድጋል።

ለገበሬው የሚበጀው ነገር ከሰማይ ይልቅ ከምድር ይጀምራል። ድርቅን ለመቋቋም የተዘጋጀው ቶሎ የሚደርስ የማሽላ ዘር ለዋግ ቆላ ታላቅ ጸጋ ነው፤ ነገር ግን አንድ ገበሬ ብቻውን ቢዘራው፣ የጎረቤቱ ገና አረንጓዴ ሳለ የእርሱ ቀድሞ ስለሚያሸት፣ የአካባቢው ወፍ ሁሉ በእርሱ ማሳ ላይ ይወርዳል። ብዙ ገበሬ ምርጥ ዘሩን ቀምሶ የተወው በዚህ ምክንያት እንጂ በስንፍና አይደለም፤ ይህን ለማያውቅ ሰው የገበሬውን እምቢታ መውቀስ ቀላል ነው። መንደሩ ተመካክሮ አንድ ዓይነት ዘር በአንድ ሰሞን ቢዘራ ጉዳቱ ለሁሉ ይካፈላል፤ ጥበቃውም በተራ ይሆናል። ቀዩ ማሽላ፣ ለምሳሌ ዘንጋዳ፣ መራራነት ስላለው ወፍ እንደ ነጩ አይሻማበትም፤ ለእንጀራ ነጩን የሚመርጥ ቤተሰብም ቢሆን ወፍ በሚበረታበት ዳርቻ ዘንጋዳ ቢዘራ ሳይበጀው አይቀርም።

ስለዚህ የሰቆጣ ደረቅ አገር ግብርና ምርምር ማዕከልና የየወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ቶሎ የሚደርሰውን ዘር ለአንድ ገበሬ ብቻ ሳይሆን ለጎጡ ሁሉ በአንድነት እንዲያድሉ፣ የግሪሳው ማደሪያ ገና መንጋው ሳይበዛ እንዲታወቅ የቀበሌ ጠቋሚዎችን እንዲያደራጁ፣ መርዝ የግድ ሲሆን ንስርና ጭልፊት የሚያድሩበት ዛፍ እንዳይረጭ፣ ሕዝቡም የሞተውን ወፍ እንዳይለቅም አስቀድሞ እንዲነገረው እለምናለሁ። የሠለጠነ ጭልፊት ለማስመጣት ገንዘብ የሚገኝ ከሆነ ግን መጀመሪያ ሊሄድ የሚገባው ወደ ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ነው።