እበት ሁለት ጊዜ ያገለግላል



በንፋስ ስልክ ላፍቶ የወተት ላም የሚያረባ ሰው የእበትን ነገር ያውቀዋል። ግቢው ጠባብ ነው፤ እበቱ ግን በየቀኑ ይከመራል። አንዳንዱ ኩበት ጠፍጥፎ ያነደዋል፤ አንዳንዱም ወደ ወንዝ ይለቀዋል። የነደደው ኩበት ለእርሻ አይመለስም፤ ጭሱም የእናቶችን ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። ወደ ወንዝ የተለቀቀውም ከታች ያለው ጎረቤት አትክልቱን የሚያጠጣበትን ውሃ ያበላሻል።

እንግዲህ ምን ይሻላል? አስቀድሞ ከእበቱ ጋዝ ማውጣት፣ ቀጥሎም ዝቃጩን ለማዳበሪያ ማዋል ነው። በቻይናና በህንድ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ይህን ማብላያ ሠርተዋል። በአገራችንም ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ሥራ ጀምሮ፣ ከኔፓል የተገኘውን ባለ ጉልላት ማብላያ አሻሽሎ «ስንዱ» በሚል ስም ለገበሬዎች አዳርሷል።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1ኛ/ ትኩስ እበትና ውሃ እኩል ለእኩል ይበጠበጣል፤ ይኸውም ለ20 ኪሎ እበት 20 ሊትር ውሃ ነው። አራት ያህል ከብት ያለው ቤተሰብ ይህን እበት አያጣም።

2ኛ/ ብጥብጡ ከመሬት በታች ወዳለው ጉድጓድ ይገባል። በዚያም አየር ስለማያገኝ በጥቃቅን ሕዋሳት ይብላላል፤ ጋዙም ከጉልላቱ ሥር ይጠራቀማል።

3ኛ/ ከአንድ ኪሎ እበት እስከ 40 ሊትር ጋዝ ይገኛል። ስለዚህ 20 ኪሎው አንድ ምድጃ ሁለት ሰዓት ያህል ያነዳል፤ ለወጥና ለቡና ይበቃል።

4ኛ/ ተርፎ የሚወጣው ዝቃጭ ለጎመን፣ ለሰላጣና ለከብት መኖ ማሳ ጥሩ ማዳበሪያ ነው።

ነገር ግን አትታለሉ። ተራው የጋዝ ምድጃ እንጀራ አይጋግርም፤ ለዚያ ማገዶን በግማሽ ያህል የሚቀንሰው ምርጥ ምድጃ ይሻላል። ውሃ የሚያጥረው ወይም በየቀኑ ለመበጥበጥ ሰው የሌለው ቤተሰብም ማብላያ ባይጀምር ይመረጣል። በአገራችን ተሠርተው ሥራ ያቆሙ ማብላያዎች ጥቂት አይደሉም፤ ብዙዎቹን ያቆማቸው የእበት፣ የውሃና የጥገና ማጣት ነው።

ቧንቧው ማፍሰስ አለማፍሰሱን በሳሙና አረፋ ፈትሹ እንጂ ክብሪት አትጫሩ። ወደ ማብላያው ጉድጓድም ማንም አይግባ፤ ጋዙ ሰው ይገድላል።

ከመቆፈራችሁ በፊት ከብታችሁን ቁጠሩ፤ የአንድ ቀን እበታችሁንም መዝኑ። ቁጥሩን ይዛችሁ የልማት ሠራተኛችሁን አማክሩ።