ፊርማና ቁጥር ያለው ኅትመት ስንት ያወጣል?

አንድ የመልክዓ ምድር ኅትመት በግርጌው የአርቲስቱ ፊርማና “25/300” የሚል ቁጥር ካለበት፣ ባለቤቱ ውድ ንብረት የያዘ ይመስለዋል። ቁጥሩ ግን የሚናገረው ከ300 ቅጂዎች አንዱ መሆኑን ብቻ ነው። ፊርማውም ቢሆን አርቲስቱ ሥራውን መቀበሉን እንጂ ገዢ መኖሩን አያረጋግጥም። ዋጋውን የሚወስነው፣ እንደማንኛውም ሸቀጥ፣ አቅርቦትና ፍላጎት ነው።

ጀርመናዊው አንድሪያስ ጉርስኪ የራይንን ወንዝ ያሳየበት “ራይን 2” የተሰኘው ፎቶግራፍ የታተመው በስድስት ቅጂ ብቻ ነው። ከእነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2011 ኒውዮርክ ውስጥ በክሪስቲስ ጨረታ 4.3 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል። ሌሎቹ ቅጂዎች በአብዛኛው በሙዚየሞች እጅ ስለሚገኙ ወደ ገበያ የመውጣት ዕድላቸው ጠባብ ነው። በአንጻሩ የአውስትራሊያ ተወላጁ ፒተር ሊክ አንድን ፎቶግራፍ እስከ 995 ቅጂ ያትም ነበር። ቅጂዎቹ ወደ ማለቅ ሲቃረቡ በራሱ ጋለሪዎች የሚጠየቀው ዋጋ ይጨምራል። ይሁንና ኒውዮርክ ታይምስ እ.ኤ.አ. በ2015 እንደዘገበው፣ ገዢዎች መልሰው ሊሸጡ ሲሞክሩ ያገኙት ከከፈሉት እጅግ ያነሰ ነበር።

ስለዚህ ዋጋ ለማወቅ መታየት ያለበት ሻጭ የጠየቀው ሳይሆን፣ የዚያው ኅትመት ሌላ ቅጂ በቅርብ ጊዜ በጨረታ የተከፈለበት ገንዘብ ነው። ገማቾችም ሁለት ዓይነት ሂሳብ አላቸው። የኢንሹራንስ ግምት ንብረቱ ቢጠፋ ለመተካት የሚያስፈልገውን ወጪ ስለሚያሰላ ከፍ ይላል፤ የሽያጭ ግምት ግን ፈቃደኛ ገዢ የሚከፍለው ነው። የመጀመሪያውን ወረቀት ይዞ ገበያ መውጣት ለቅሬታ ይዳርጋል።

ከግምት በፊት መጣራት ያለባቸው ነገሮችም አሉ። ፊርማው በእጅ የተፈረመ ነው ወይስ ከሥዕሉ ጋር የታተመ? በማጉያ መነጽር ሲታይ ጥቃቅን ነጠብጣቦችን ያቀፈ ፊርማ አብዛኛውን ጊዜ የማሽን ሥራ ነው። ከተቆጠሩት ሌላ ለአርቲስቱ ተብለው የሚታተሙ ቅጂዎች ስለሚኖሩም ጠቅላላ ብዛቱን መጠየቅ ይገባል።

ቀሪው ጉዳይ አያያዝ ነው። ብርሃን ያደበዘዘው ቀለም አይመለስም፤ በመሆኑም ኅትመቱ ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው ግድግዳ ላይ መሰቀል የለበትም። ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት እርጥበት ስለሚበዛባቸው ሻጋታ ያመጣሉ። ወረቀቱ ከመስታወቱ ጋር እንዳይነካካ በመካከሉ ክፍተት ሊኖር ይገባል። ከጀርባው የሚደረገው ካርቶን አሲድ ካለበት ቡናማ እድፍ ይተዋል፤ ፕላስተርም እንዲሁ። ከሁሉም የከፋው ግን ከፍሬሙ ጋር እንዲስማማ ተብሎ የኅትመቱን ጠርዝ መቁረጥ ነው፤ ፊርማው ሳይነካ እንኳ ዋጋው ይወድቃል።

የግዢ ደረሰኝና የምስክር ወረቀት ከኅትመቱ ጋር ሊቀመጡ ይገባል። ገዢ በመጣ ጊዜ በቅድሚያ የሚጠይቀው እነርሱን ነው።