መነባንባችሁን የምትናገሩት ለማን ነው?

የአንድ ሰው ቴአትር ጽፈው ራሳቸው ሊተውኑት የሚፈልጉ የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ልጆች «ከየት እንጀምር?» ይሉኛል። መልሴ አንድ ነው፤ ከሰሚው ጀምሩ። ታሪኩ ይደርሳል።

ብቻውን መድረክ ላይ የቆመ ሰው ብቻውን የሚያወራ ይመስለናል። በእኛ አገር ግን ብቻውን ተነሥቶ የሚናገር ሁሉ የሚያናግረው አለው። ፎካሪው ጠላቱን ይጠራል። አልቃሿ ሟቹን «አንተ» ብላ ታናግረዋለች፤ ለቀስተኛው የሚያለቅሰው ይህን ሲሰማ ነው። የቅኔ ተማሪም እንዲሁ ነው። በዋሸራም ሆነ በሌላው የጎጃም ጉባኤ ቤት ተማሪው ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ እሳቸውም ሰምተው ያርማሉ። የትናንቱን ዛሬ መድገም ነውር ነው። የራሱን ድርሰት በራሱ አንደበት ለሚያውቅ ሰሚ የሚያቀርብ ሰው ማየት የፈለገ ሩቅ መሄድ የለበትም።

በዘመናዊው መድረክ ደግሞ «እያዩ ፈንገስ» አለ፤ ብዙዎቻችን «ፌስታሌን» የምንለው። በረከት በላይነህ ጻፈው፣ ግሩም ዘነበ ብቻውን ተወነው። እያዩ እብድ ነው፤ ታዳሚው ደግሞ እብዱን ከብቦ የሚሰማ መንገደኛ ይሆናል። ተመልካቹም ሳያውቀው ገጸ ባሕርይ ሆኗል ማለት ነው። እኔ ከዚህ ሥራ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ነው።

ድምፅ ለመማር ወጋየሁ ንጋቱን አድምጡ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጀምረው እዚሁ አጠገባችን፣ ወደ ቡሬ ሲኬድ በምናልፋት ማንኩሳ ነው። ወጋየሁ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ፊታውራሪ መሸሻንም፣ ጉዱ ካሳንም፣ ሰብለ ወንጌልንም የሆነው በአንድ ጉሮሮ ነው። ስትሰሙ የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት ትታችሁ ትንፋሹን ተከተሉ። ማን ይቸኩላል? ማን ቃሉን ሳይጨርስ ይውጣል? ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ሲሻገር ምን ያህል ዝም ይላል? እነዚህን ለይቶ የሰማ ጀማሪ ለሦስት ገጸ ባሕርይ ሦስት ኮፍያ አያስፈልገውም።

አሁን የምጽፈውን ላሳያችሁ። ልጇ ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማ የሚሄድባት እናት ናት፤ ቦታው መናኸሪያ። ልጇን ብታናግር «ስንቅህ እንዳይበላሽ፣ ውኃ አፍልተህ ጠጣ» ትለዋለች እንጂ ሌላ አትተነፍስም፤ ሆዱ እንዳይባባ የልቧን ትደብቀዋለች። አጠገቧ ለተቀመጠች የማታውቃት ሴት ስትናገር ግን የማዳበሪያው ዕዳ ይወጣል፣ አባቱ ያልተናገረው ይወጣል፣ ከእሱ በፊት ሄዶ የቀረው ልጅ ይወጣል። ስለዚህ ሰሚዋ ያቺ ሴት ሆነች። ታዳሚው በእሷ ቦታ ይቀመጣል። ልጁ ትኬት ቆርጦ ሲመለስ እናትየው በመሀል ወሬዋን ትቆርጣለች፤ የሥራው ትልቁ ጸጥታ እዚያ ላይ ነው። ይህን ጸጥታ እኔ አልፈለሰፍኩትም፤ ሰሚውን ስመርጥ አብሮ መጣ።

ስትጽፉ በአፋችሁ ጻፉ። ቆማችሁ ተናገሩት፣ ስልካችሁ ይቅዳው፣ ከዚያ ወደ ወረቀት አውርዱት። አፍ ላይ የሚደነቃቀፍ ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ቢያምርም ይውጣ። የአገራችሁን አነጋገርም አታስተካክሉት፤ የጎጃም እናት እንደ ዜና አንባቢ አታወራም። መብራትና አዳራሽ እስኪገኝ አትጠብቁ፤ የትምህርት ቤት ክፍልና ዝም ብሎ የሚሰማ ሰው ለልምምድ ይበቃል። ልምምዱን የሚያይ አንድ ሰው ግን የግድ ያስፈልጋችኋል፤ ብቻውን የሚሠራ ሰው የት ላይ እንደሚያሰለች ራሱ አይታየውም። የሚያዝንላችሁን ሳይሆን የሚያርማችሁን ምረጡ።

የመጀመሪያውን ገጽ የጨረሰ በድምፅ ቀድቶ ይላክልኝ። ከመጀመሩ በፊት ለማን እንደሚናገር በአንድ ቃል ይንገረኝ፤ ማዳመጥ የምጀምረው ከዚያ ነው።