700 ኪሎ ሜትር ስንት ሰዓት ይፈጃል?

አዲስ አበባና አሥመራ በካርታ ላይ በአንድ ማስመሪያ የተሰደሩ ይመስላሉ። ሁለቱም ወደ 39ኛው ዲግሪ ኬንትሮስ ተጠግተው የሚገኙ ስለሆኑ ከቦሌ የተነሣ አውሮፕላን አፍንጫውን ወደ ሰሜን ካቀና አቅጣጫ መቀየር ብዙም አያስፈልገውም። የአየር ርቀቱ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የመንገደኞች ጄት በሰዓት 800 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ስለሚበር፣ ርቀቱን ለፍጥነቱ ስናካፍል ከአንድ ሰዓት ያነሰ ይወጣል። አውሮፕላኑ ግን ሙሉ ፍጥነቱን የሚያገኘው ከፍታውን ከያዘ በኋላ ነው፤ ለመንደርደሪያ፣ ለመውጫና ለመውረጃ የሚሄደው ጊዜ ሲደመር ጉዞው አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ይሆናል። ሁለቱም ማረፊያዎች ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላኑ ለመነሣት ረዘም ያለ መንደርደር ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ተደምሮ የሚጨምረው ግን ደቂቃዎችን ብቻ ነው። ሰዓታትንና ዓመታትን የሚጨምረው የመንግሥታት ስምምነት መኖርና አለመኖር ነው።

በግንቦት 1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲጀመር የቀጥታ በረራው ተቋረጠ፤ እስከ ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ድረስም አልተመለሰም። በእነዚያ ሃያ ዓመታት ከአዲስ አበባ አሥመራ መግባት የፈለገ ሰው በሦስተኛ አገር መዞር ነበረበት። በዱባይ በኩል ቢሄድ መጀመሪያ 2,500፣ ከዚያ ደግሞ 2,000 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በድምሩ ከቀጥታው መንገድ ስድስት እጥፍ የሚበልጥ ርቀት ይበራል። በዚያ ላይ ሁለተኛ ትኬት፣ የመሸጋገሪያ ጥበቃ፣ አንዳንዴም ሌላ ቪዛ ይጨመርበታል። ወጪው ከባድ የሆነባቸው ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር ሳይገናኙ ኖረዋል። ይህን በኪሎ ሜትር መለካት አይቻልም።

በረራን የሚወስነው ፖለቲካ ሳይሆን ገበያ ነው የሚሉ አሉ፤ መንገደኛ ከሌለ አየር መንገድ በኪሳራ አይበርም ይላሉ። ለብዙ የአፍሪካ ከተሞች ይህ እውነት ነው። ለዚህ መስመር ግን አይሠራም፤ በ2010 ዓ.ም. በረራው ሲከፈት አንድ አውሮፕላን አልበቃ ብሎ በዚያው ቀን ሁለት ተከታትለው ተነሥተዋል። ፈላጊው ሃያ ዓመት ሙሉ ነበረ፤ የጠፋው ፈቃድ ነው።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ የሉዓላዊነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 የተፈረመው የቺካጎ የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት እያንዳንዱ አገር በአየር ክልሉ ላይ ሙሉ ሥልጣን እንዳለው ይደነግጋል፤ በጦርነት ጊዜ ሰማይን መዝጋትም የመንገደኛን ሕይወት ይጠብቃል። ይህን አልክድም። ነገር ግን ተኩስ የቆመው በ1992 ዓ.ም. ሲሆን፣ የሁለቱ አገሮች የአልጀርስ የሰላም ስምምነት የተፈረመውም በ1993 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ መስመሩን አሥራ ሰባት ዓመት ዘግቶ ያቆየው የጥይት አደጋ ሳይሆን ኩርፊያ ነው። የአፍሪካ መንግሥታት በያሙሱክሮ ውሳኔ በ1992 ዓ.ም. ሰማያቸውን እርስ በርስ ለመክፈት ተስማምተዋል፤ ነጠላው የአፍሪካ የአየር ትራንስፖርት ገበያም በጥር 2010 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ይፋ ሆኗል። ሁለቱም እርምጃዎች ግን የሁለት ጎረቤታሞችን ጠብ የሚሻገር አቅም አላገኙም። በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ላይም የኢትዮጵያ አየር መንገድ አስቸጋሪ የሥራ ሁኔታን ምክንያት አድርጎ ወደ አሥመራ የሚያደርገውን በረራ እንደገና አቆመ።

እንግዲህ ሊጠየቅ የሚገባው ቀላል ነገር ነው፦ መስመር ከመዘጋቱ በፊት መንገደኛ ወደ ቤቱ የሚመለስበት የማስጠንቀቂያ ጊዜ ይኑር፤ በገንዘብና በአገልግሎት የሚነሣ ክርክርም አውሮፕላኑ እየበረረ በገለልተኛ ዳኛ ይታይ።