የጉሮሮ ሕመምን መንስኤ በደቂቃዎች የሚለየው ምርመራ

በፈረስ ቤትና በአካባቢዋ ቀበሌዎች አንድ ልጅ ትኩሳት ይዞት ምራቁን መዋጥ ሲያቅተው "ቶንሲል ነው" ይባላል። ከዚያም ዳማከሴ ይጨመቅለታል፤ ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ይገዛለታል፤ አልፎ አልፎም ቶንሲሉ ይቧጠጣል ወይም እንጥሉ ይቆረጣል። የሕመሙ መንስኤ ግን ብዙ ጊዜ አይጠየቅም።

ጉሮሯቸውን ከሚያማቸው 100 ልጆች መካከል መንስኤው ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ የሚኾንባቸው ከ20 እስከ 30 የሚደርሱት ናቸው። አብዛኞቹን ሌሎች የሚያሳምማቸው ቫይረስ በመኾኑ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት አይፈውሳቸውም።

አሳሳቢዎቹ ጥቂቶቹ ናቸው። ባክቴሪያው በወቅቱ ካልታከመ፣ ሰውነት ሊከላከለው ያሰለፈው ኃይል ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንታት በኋላ በራሱ አካል ላይ ሊዞር ይችላል። በመጀመሪያ ከጉልበት ወደ ክርን የሚዘዋወር ቁርጥማትና ትኩሳት ይታያል። ቁርጥማቱ ያልፋል፤ የልብ ቫልቭ ላይ የሚተወው ጠባሳ ግን ላያልፍ ይችላል። ከ5 እስከ 15 ዓመት የሚገኙ ልጆች ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው። ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የኢትዮጵያ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ከሚያክማቸው መካከል ልባቸው በዚህ መንገድ የተጎዳ ልጆች ይገኙበታል።

ፈጣን ምርመራው በቡሬና በፍኖተ ሰላም ቆላማ ቀበሌዎች ነዋሪው ለወባ ከሚያውቀው ምርመራ ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ ደም አለመወሰዱ ነው። ባለሙያው በጥጥ በተጠቀለለ እንጨት ቶንሲሎቹንና የጉሮሮውን ጀርባ ይጠርጋል። ናሙናው ከፈሳሽ ጋር ተቀላቅሎ መመርመሪያው ላይ ሲደረግ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ውስጥ መስመር ይታያል። አንድ መስመር ብቻ ከወጣ ባክቴሪያው አልተገኘም፤ ሁለት ከኾነ ተገኝቷል ማለት ነው። በላቦራቶሪ ባክቴሪያውን አሳድጎ መለየት አንድ ወይም ሁለት ቀን ይፈልጋል። በገበያ ቀን ልጁን አዝሎ ሰዓታት ተጉዞ ለመጣ አርሶ አደር "ነገ ተመለስ" ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

ምርመራው ፍጹም አይደለም። ባክቴሪያው ካለባቸው 100 ሰዎች 15 የሚያህሉት ሊያመልጡት ስለሚችሉ፣ ሐኪም ከተጠራጠረ ተጨማሪ ምርመራ ሊያዝ ይችላል።

በሀገራችን ብዙ ጤና ጣቢያዎች ግን ሕክምናው አሁንም ምልክትን በማየት ነው የሚሰጠው። ድንገተኛ ትኩሳት፣ ቶንሲል ላይ የሚታይ ነጭ ነገርና የአንገት ዕጢ እብጠት ወደ ባክቴሪያ ያመለክታሉ፤ ሳል፣ ንፍጥና የድምፅ መጎርነን ደግሞ ወደ ቫይረስ። ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀናት ውስጥ የተሰጠ ፔኒሲሊን ልብን ከጉዳት ሊታደግ ይችላል። በአፍ የሚወሰድ ከኾነ፣ ልጁ በሦስተኛው ቀን ቢሻለውም እስከ 10ኛው ቀን መቀጠል አለበት። እንጥል መቁረጥ ባክቴሪያውን አያስወግድም፤ ለደም መፍሰስና ለሌላ ቁስለት ግን ያጋልጣል።