ገዢው ራሱ የሚያዋቅረውን ዕቃ በኢንተርኔት መደብር ስለ መሸጥ

አንድ ሰው ጠረጴዛ ለማሠራት ወደ አናጢ ቤት በሄደ ጊዜ፥ አናጢው የደንበኛውን ፍላጎት እንደ ሰማው ዝም ብሎ አይጽፍም። «ይህ እግር ለዚህ ርዝመት አይበቃም፤ መካከሉ ይጎብጣል» ይለዋል፤ ወይም መሳቢያ የተጨመረበት እንደ ሆነ ዋጋው ስንት እንደሚደርስ እዚያው አስልቶ ይነግረዋል። ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት በሚገናኙበት ገበያ ይህ ሁሉ ያለ ድካም ይፈጸማል። በኢንተርኔት መደብር ግን ገዢው በሌሊት ከቤቱ ሆኖ ሲመርጥ፥ የማይሆነውን «አይሆንም» የሚለው ሰው በአጠገቡ የለም። የአናጢውን ቦታ እንዲይዝ የተሠራው መሣሪያ ኮንፊጉሬተር ይባላል፤ በአማርኛ የዕቃ ማዋቀሪያ ቢባል ይስማማዋል።

መሣሪያው ዛሬ በብዙዎች ዘንድ የሚታወቀው በስክሪን ላይ በሚሽከረከረው ሥዕሉ ነው። አጀማመሩ ግን ለጌጥ አልነበረም። ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቫክስ የሚባሉትን ኮምፒዩተሮቹን ይሸጥ የነበረው፥ ለእያንዳንዱ ገዢ እንደ ፍላጎቱ ክፍሎቹን እያሰባሰበ ነበር። ክፍሎቹ እጅግ ብዙ ስለ ነበሩም፥ እርስ በርሱ የማይስማማ ወይም ኬብሉ የጎደለ ትእዛዝ ወደ ፋብሪካው ይደርስ ነበር። ስለዚህ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲው ጆን ማክደርሞት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1978 ዓ.ም. አርዋን የተባለውን፥ በኋላም ኤክስኮን የተሰኘውን ፕሮግራም መሥራት ጀመረ፤ ከ1980 ዓ.ም. ወዲህም ኩባንያው ትእዛዞቹን በእርሱ ያጣራ ጀመር። ፕሮግራሙ የሚሠራው «ይህ ካለ ያ ያስፈልጋል» በሚሉ ደንቦች ነበር። ገዢውን የሚያስደስት ሥዕል አልነበረውም፤ ጥቅሙ የተሳሳተ ትእዛዝ ወደ ሥራ እንዳይገባ ማድረጉ ነበር።

ዛሬ የዕቃ ማዋቀሪያ የሚገዛ ነጋዴ የሚቸገረው መሣሪያውን ከመደብሩ ጋር በሚያጣምርበት ቦታ ላይ ነው። ሾፒፋይም ሆነ ዉኮሜርስ በመሠረቱ የታቀዱት ተሠርቶ በመደርደሪያ ላይ ለተቀመጠ ዕቃ ነው። በ3 መጠንና በ4 ቀለም የሚሸጥ ሸሚዝ ቢኖር መደብሩ 12 ዐይነት አድርጎ ይመዘግበዋል፤ ለያንዳንዱም የራሱን መለያ ቁጥር፥ የራሱን ዋጋና የክምችቱን ብዛት ይሰጠዋል። ለሸሚዝ ይህ በቂ ነው። ለጠረጴዛው ግን 5 የእንጨት ዐይነት፥ 8 ልክ፥ 4 የእግር ቅርጽ፥ 6 ቀለምና 3 የመሳቢያ ምርጫ ቢቀርብ፥ እርስ በርሱ ሲባዛ 2,880 ዐይነት ይሆናል። ሾፒፋይ ለብዙ ዓመት ለአንድ ዕቃ ከ100 ዐይነት በላይ አይቀበልም ነበር፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2025 ዓ.ም. ወሰኑን ወደ 2,048 ከፍ ቢያደርገውም የምርጫው ረድፍ ከ3 እንዳያልፍ እንደ ተወሰነ ቀረ። የተጠቀሰው ጠረጴዛ 5 ረድፍ ስላለው በሁለቱም በኩል አይገባም ማለት ነው።

ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገው፥ መደብሩ አንዱን ጠረጴዛ ብቻ እንዲያውቅ ሆኖ የገዢው ምርጫ በግዢ ቅርጫቱ ውስጥ እንደ ማስታወሻ እንዲለጠፍበት ነው። ይህ መንገድ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ማስታወሻው ዋጋን አይለውጥም። ገዢው ዋንዛን መርጦ መሳቢያ ቢጨምር፥ በስክሪኑ ላይ 42,000 ብር እየታየው መደብሩ የሚያስከፍለው የመነሻውን 30,000 ብር ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለው 12,000 ብር የሚወጣው ከነጋዴው ኪስ ነው።

ይህን ለማቃናት ሲባል አንዳንድ ሠሪዎች ከማዋቀሪያው የወጣውን ዋጋ ከገዢው ማሰሻ በቀጥታ ወደ ቅርጫቱ እንዲተላለፍ ያደርጋሉ። ከስሕተቶች ሁሉ የከፋው ይህ ነው። በገዢው ኮምፒዩተር ውስጥ ያለ ማናቸውም ቁጥር በገዢው እጅ ያለ ቁጥር ነውና፥ ጥቂት ዕውቀት ያለው ሰው 42,000ውን 4,200 አድርጎ ሊልከው ይችላል። ከማሰሻው መምጣት የሚገባው ምርጫው ብቻ ነው፤ ዋጋውን ደግሞ የነጋዴው ሰርቨር ከራሱ የዋጋ ሰንጠረዥ እንደ ገና ማስላት ይኖርበታል። የማይስማሙ ክፍሎችን የሚከለክለውም ደንብ እንዲሁ በሰርቨሩ ሁለተኛ መመርመር አለበት።

የአፈጻጸሙ መንገድ በየመደብሩ ይለያያል። ዉኮሜርስ የሚሠራው ነጋዴው በተከራየው ወይም በራሱ ሰርቨር ላይ ስለ ሆነ፥ ቅርጫቱ በሚደመርበት ሰዓት ፕሮግራም አዘጋጁ ትክክለኛውን ዋጋ ሊያስገባ ይችላል። በሾፒፋይ ግን የክፍያው ገጽ የኩባንያው ነውና ነጋዴው እንደ ልቡ አይነካውም። አንዱ አማራጭ እግሩን፥ ገበታውንና መሳቢያውን እያንዳንዱን የየራሱ ዋጋ ያለው ዕቃ አድርጎ መመዝገብና ካርት ትራንስፎርም በተባለው አገልግሎት በአንድ መስመር እንዲታዩ ማድረግ ነው። በዚሁ አገልግሎት የመስመሩን ዋጋ በቀጥታ መለወጥ የሚፈቀደው ግን ፕላስ የተባለውን ከፍተኛ ደረጃ ለሚከፍሉ መደብሮች ነው። ሌላው አማራጭ የነጋዴው ሰርቨር ረቂቅ ትእዛዝ አዘጋጅቶ የክፍያውን ማስፈንጠሪያ ለገዢው መላክ ነው፤ ይህ ለውድና በቀን ጥቂት ብቻ ለሚሸጥ ዕቃ ይበጃል። ክፍሎቹን ለየብቻ የሚመዘግብ ነጋዴ አንድ ነገር መርሳት የለበትም፤ የአንዱን ክፍል አድራሻ ያገኘ ሰው የጠረጴዛ እግር ብቻ ሊያዝዝ ይችላል።

ክምችትም እንደዚሁ በክፍል እንጂ በጠረጴዛ አይቆጠርም። አንድ ጠረጴዛ ሲሸጥ የሚጎድለው አራት እግርና የተወሰነ ሜትር እንጨት ነው። መደብሩ ይህን ስለማያውቅ፥ ትእዛዙ እንደ ተከፈለ ክፍሎቹን የሚቀንስ መልእክት ወደ ግምጃ ቤቱ መዝገብ እንዲተላለፍ መደረግ አለበት።

ወደ አውደ ጥናት ሳይሆን ወደ ሠሪው እጅ የሚደርሰው ወረቀት ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። «ቡናማ፥ ትልቅ» ብሎ የሚያቀርብ ወረቀት ለጠብ መነሻ ነው። በወረቀቱ ላይ የየክፍሉ መለያ ቁጥር፥ ልኩ በሴንቲሜትር፥ ገዢው ያየው ሥዕልና ትእዛዙ የተሰላበት የዋጋ ሰንጠረዥ ቀን መኖር ይገባቸዋል። ገዢው ንድፉን አስቀምጦ ከወር በኋላ ሲመለስ የእንጨት ዋጋ ጨምሮ ሊያገኘው ይችላልና፥ የቀድሞው ዋጋ ለስንት ቀን እንደሚጸና አስቀድሞ መጻፍ ያስፈልጋል።

በልክ የተሠራ ዕቃ የተመለሰ እንደ ሆነ ለሌላ ገዢ መሸጡ ያስቸግራል። የአውሮፓ ኅብረት እ.አ.አ. በ2011 ዓ.ም. ያወጣው የሸማቾች መብት መመሪያ፥ ከሩቅ የተገዛን ዕቃ በ14 ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት ለመመለስ የሚፈቅደውን መብት ገዢው ባዘዘው መሠረት ለተሠራ ዕቃ አይሰጥም። ይህ ግን ነጋዴውን የሚጠብቀው የተሠራው ዕቃ ከታዘዘው ጋር የተስማማ እንደ ሆነ ብቻ ነው፤ ስምምነቱ የሚታየውም በዚያው በትእዛዙ መዝገብ ነው። በኢትዮጵያም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ስለ ሰጠ፥ የተቀመጠው መዝገብ ክርክር በተነሣ ጊዜ ሊቀርብ ይችላል።

የሚሽከረከረው ሥዕል ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ስለ ሆነ፥ ደንቡና ዋጋው ተፈትኖ እስኪጸና ድረስ ቢዘገይ ጉዳት የለውም። መደብሩ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት ነጋዴው ራሱ አንድ ከባድ የሆነ ጠረጴዛ አዋቅሮ፥ ከፍሎ፥ የወጣውን ወረቀት ማዋቀሪያውን ፈጽሞ ላላየ አናጢ ይስጠው፤ አናጢው አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ ሥራውን ሊጀምር ከቻለ መደብሩን መክፈት ይቻላል።